የዕርቅ ድንጋይ ክብደት

በደሴ የዕርቅ ድንጋይ ማደግ የጀመረው መቼ እንደሆነ ቁርጡን የሚናገር የለም። ድሮ በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ከአጥር ጥግ ያገኛትን ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ይጭንና ተበዳይ ፊት አጎንብሶ ይቆም ነበር። ሽማግሌዎች ይለምናሉ፣ ተበዳይ ፊቱን ያዞራል፣ ድንጋዩ እየከበደ ይሄዳል። የበዳይ ጉልበት መንቀጥቀጥ ሲጀምር የተበዳይ አንጀት ይላወሳል፤ «በቃ አውርድ» ይላል። ነገሩ ይኸው ነበር።

በሁለት ሺህ ሰማኒያዎቹ ግን ድንጋዮቹ ወፈሩ። መጀመሪያ ወፍጮ የሚያህል መጣ፤ ቀጥሎ ለቤት መሠረት የሚሆን ጥርብ ድንጋይ። አንድ የሮቢት ሰፈር ባለጋራዥ ሚስቱን ሲታረቅ የአውቶቡስ ሞተር ተሸክሞ ቀረበ። ሰፈሩ ወጥቶ አየው፤ ምን ያህል ቢጸጸት ነው ተባለለት። ሚስቲቱም ብዙ ሳትከራከር ታረቀች፤ ሞተሩ የደንበኛ ስለነበር ከምሳ በፊት መመለስ ነበረበት።

ነገሩ ማንንም ያልገረመው የሁሉም ትከሻ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው የከተማው ሰው ከጥቂቶች በቀር አጥንቱን ቀይሯል። የሚቀየረው የእጅና የእግር አጥንት ከነማንጠልጠያው ነው፤ ላይ ከትከሻ እስከ ጣት ጫፍ፣ ታች ከዳሌ እስከ ተረከዝ፣ የጉልበት ሎሚ ሳይቀር። ራስ ቅል፣ አከርካሪና ጎድን አይነኩም። አጥንት የሚቀይረው የአጽም አገልግሎት እነሱን «የባለቤቱ» ይላቸዋል፤ የተቀሩት የማን እንደሆኑ ግን ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የለም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተቀየረ አጥንት ሁሉ ትንሽ ይነዝራል። የልኬት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር መንገድ ላይ ያለ አጥንቱን የቀየረ ሰው ሁሉ ካለበት ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ወደ ላይ ያነሳል፣ አንድ እግሩን አጥፎ ያወርዳል፣ ደግሞ ሌላውን። ታክሲ የሚጠብቀው ወረፋውን ሳይለቅ፣ ሥጋ ሻጩ ቢላውን ሳያስቀምጥ፣ ስልሳ የሞላት ሙሽራ ከነቬሏ። ልኬቱ ሲያልቅ አጥንቱ የዕለቱን ይፈቅዳል፤ ይህን ያህል ተሸከም፣ ይህን ያህል ደረጃ ውጣ ይላል። ሰውም «እንዴት አደርክ» ከተባባለ በኋላ «ዛሬ ስንት ተፈቀደልህ» ይባባላል፤ ጥቂት የተፈቀደለት ሰው እንደታመመ ይቆጠርና ይጽናናል።

በዚያ ሰዓት እጇን ኪሷ ከታ የምትቆመው ኤልዳና ናት። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ያላት አጥንት በሙሉ አብሯት የተወለደ ነው። ነገሩ ለሰው ግራ ነው፤ ምክንያቱም ሆጤ ሰፈር ባለው የአጽም ጣቢያ የከተማውን ትከሻና ዳሌ የምትገጥመው እሷ ራሷ ናት። የጣቢያውን ሠራተኞች እስከ ስልሳ ድረስ ይታገሷቸዋል። የግራ ዳሌዋ ብርድ ሲነካው ይጠዘጥዛታል፣ ደረጃ ስትወጣ መደገፊያውን ትይዛለች። የሥራ ጓደኞቿ «ምን ይዞሽ ነው የማትቀይሪው?» ሲሏት «ሳጥን የሚሠራ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ይተኛል እንዴ?» ትላቸዋለች። ይስቃሉ። እሷ አትስቅም።

ኤልዳና በሥራዋ አትጠራጠርም። የገጠመችው ትከሻ ላልቶ የመጣበት ቀን የለም፤ ይህንንም ሲጠይቋት አፏን ሞልታ ትናገራለች። የማትናገረው ሌላ ነገር ነው። አዲስ አጥንት የሚሠራው ሰዎች ካስረከቡት ከአሮጌው አጥንት ዱቄት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንዱን አዲስ ክንድ ከማሸጊያው ባወጣች ቁጥር፣ ይሄ እማዬ ትሆን ወይ ብላ ታስባለች።

እናቷ ወይዘሮ ቤዛዊት በሰባ ሁለት ዓመታቸው ግቢያቸው ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ኤልዳና ያኔ አዳማ ሥራውን እየተማረች ነበር፤ አጠገባቸው የነበረው ታላቅ ወንድሟ ናኦድ ነው። ናኦድ ኮንትራክተር ነው፤ ግማሹን የደሴ ፎቅ እኔ አቆምኩት ይላል፣ ሩቡን በእርግጥ አቁሟል። እናቱንም አቆማቸዋለሁ አለ። ወይዘሮ ቤዛዊት አጥንት ለመቀየር እሺ ያሉት በአንድ ነገር ነው። «የወጣው አጥንቴ ይቀመጥልኝ፤ ስሞት አብሮኝ ይግባ» አሉት። «እሺ እማዬ» አላቸው።

እንዳሉትም ቆሙ። ዘጠኝ ዓመት እንደ ልጃገረድ ተራመዱ፤ መድኃኔዓለም ተሳልመው በእግራቸው ይመለሱ ነበር፤ አንዴማ የጦሳን ተራራ ወጥተው ከላይ ሆነው ለናኦድ ደወሉለት። አሮጌው አጥንታቸው መጋዘን ውስጥ በስማቸው ተቀምጧል ብለው ያምኑ ነበር። ኤልዳናም ታምን ነበር።

ያረፉ ዕለት፣ ደንብ ነውና፣ የአገልግሎቱ ሰዎች ከግነዛው በፊት መጥተው አጥንታቸውን ወሰዱ። ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ ጠብታ ደም እንኳ አላፈሰሱም። ሬሳው ቅርጽ እንዲይዝ በእጅና በእግሩ ቦታ የተላገ ቀርከሃ አስገቡበት። ኤልዳና ይህን ታውቀው ስለነበር አልደነገጠችም። ከቀብሩ በፊት ወደ መጋዘን ሄዳ የእናቷን የራሳቸውን አጥንት ጠየቀች። በዚያ ስም የተቀመጠ የለም አሏት። ሮጣ ተመልሳ ናኦድን ድንኳኑ ውስጥ ስትጠይቀው አቀርቅሮ «አስረክቤው ነበር» አላት። ቀብሩ ደርሷል፤ ካህናቱ ቆመዋል፤ ምን ይደረጋል። ሳጥኑን ሁለት ሰው አንስቶ ሄደ። አራዳ ላይ አንዲት መንገደኛ ሴት ቆማ አማተበችና «የማን ሕፃን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ኤልዳና ከዚያ ቀን በኋላ ወንድሟን አላነጋገረችውም። መንገድ ላይ ሲያጋጥማት ትሻገራለች፤ ሲደውል ትዘጋለች። ናኦድ ደግሞ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከእህቱ ሌላ ሰው የለውም፤ እሷም ከእሱ ሌላ የላትም።

የሁለተኛው ዓመት መታሰቢያ ሲቃረብ ሽማግሌዎች ነገሩን ያዙት። አንዱ ሐጂ ረያን ናቸው፤ ከወይዘሮ ቤዛዊት ጋር አርባ ዓመት በአንድ አጥር የኖሩ። ሌላው አባ ኪሩቤል ናቸው፤ የሟቿ የነፍስ አባት። ልጆቿ ተኳርፈው ሙት ዓመቷን አናወጣም ብለው ማሉ። እሑድ ጠዋት፣ ልኬቱ እንዳበቃ፣ ናኦድን አስከትለው ኤልዳና ግቢ ደረሱ።

ናኦድ የያዘው ድንጋይ ሙክት በግ ያህላል። ከፒያሳ ጀምሮ ዳገቱን በትከሻው ተሸክሞት ነው የወጣው፤ መንገድ ላይ ልጆች አጅበውታል። ግቢው መሐል ሲደርስ ማጅራቱ ላይ አደላድሎ አጎነበሰ።

«ይቅር በዪኝ እህቴ» አለ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ቁርስ በልቶ የመጣ ሰው ድምፅ።

«ኤልዳና ልጄ፣» አሉ ሐጂ ረያን፣ «ያንቺ ወንድም ነው፣ የአጥንትሽ ፍላጭ። ሰው ናት ብሎ፣ ደጅሽ ላይ ይህን ዓለት ተሸክሞ ቆሟል። ስለ ቤዛዊት ብለሽ፣ ስለ አላህ ብለሽ።»

«ስለ መድኃኔዓለም» አሉ አባ ኪሩቤል።

ኤልዳና ወንድሟን ታየዋለች። አላላበውም። ትንፋሹ አልተለወጠም። ሽማግሌዎቹ ልመናቸውን ሲቀጥሉ አንድ እጁን ከድንጋዩ አንስቶ አፍንጫውን አከከ። ቆይቶ ስልኩ ጮኸ፤ እንዳጎነበሰ አነሳውና «ሽምግልና ላይ ነኝ፣ ስሚንቶውን ዝናብ እንዳይነካው» ብሎ ዘጋ።

ኤልዳና ይህን ስታይ የተሰማት ንዴት አልነበረም። ሐዘን ነው የተሰማት። እንዲከብደው ፈልጋ ነበር፤ ሁለት ዓመት ስትጠብቅ የነበረው ያንን ብቻ ነው።

«ሐጂ፣» አለች፣ «ይህ ድንጋይ ይከብዳል ይላሉ?»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? ሁለት ኩንታል አያንስም።»

«እስቲ ያንሱት።»

ሐጂ ረያን ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጠጋ ብለው ድንጋዩን ከናኦድ ማጅራት በሁለት እጃቸው አነሱት፣ ወደ ላይ ወደ ታች አሉት፣ መልሰው ጫኑለት። ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ።

«አጃኢብ ነው» አሉ። «እንደ ባዶ መሶብ ነው።»

«ትከሻውን የገጠምኩት እኔ ነኝ» አለች ኤልዳና። «ውስጡ ረዳት አለው። ከሁለት ኩንታልም ቢበልጥ ረዳቱ ነው የሚሸከመው፣ ናኦድ አይደለም። እሱ ከድንጋዩ ሥር ቆሟል እንጂ አልተሸከመም።»

አባ ኪሩቤል ጺማቸውን ያዙ። «ታዲያ እኛ እስከ ዛሬ ያስታረቅናቸው ሁሉ?»

«ታርቀዋል አባ። እነሱን አይንኳቸው።»

ናኦድ ቀና አለ። ቅር ሲለው እንደ ልጅነቱ ታችኛው ከንፈሩ ይወጣል። «ምን ላድርግ ታዲያ? አዲስ ትከሻ ከየት ላምጣ? የነበረኝን እናንተው ወስዳችሁታል።»

«አጥንቱ የጣቢያው ነው፤ ሥጋው ያንተ ነው» አለችው። በሁለት ዓመት ውስጥ ያነጋገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው፤ እሱም ልብ ብሎታል። «ረዳቱን ላጥፋው?»

ናኦድ ከጣቢያው ውጭ ረዳት ማጥፋት ክልክል እንደሆነ ያውቃል። የክልከላው ነገር ግን አልነበረም ያስፈራው።

«ይጎዳዋል እንዴ?» አሉ አባ ኪሩቤል።

ኤልዳና ወደ ወንድሟ ቀርባ ከአንገቱ ጉድጓድ ጎን ጣቷን አሳረፈች። «እጅ ሙሉው፣ ከነትከሻው፣ ከደረት ጋር በአጥንት የሚገናኘው እዚህች ጋ ብቻ ነው። የቀረውን ደግፎ የሚይዘው ሥጋ ነው። ሥጋው ደግሞ ሰባት ዓመት ተኝቷል። በዚያ ዓለት ከሆነ ይጎዳዋል። በሰው ልክ በሆነ ድንጋይ ግን አይጎዳውም፤ እኔ አለሁ።»

«አጥፊው» አለ ናኦድ።

ትልቁን ድንጋይ ሐጂ ረያን ተቀብለው መንገድ እንዳይዘጋ ወደ ዳር አደረጉት። ኤልዳና ከአጥሩ ሥር ድፎ ዳቦ የምታህል ድንጋይ መረጠች። ናኦድ አያትና ሳቅ ብሎ «ይቺን? ሰው ምን ይለኛል?» አለ።

ረዳት የምታጠፋበትን የጣቢያ ቁልፏን ከቦርሳዋ አውጥታ ከአንገቱ ሥር አስጠጋች። ንዝረት ተሰማና ቆመ። የናኦድ ሁለት ትከሻ ወደ ታች ወረደ፤ ኮቱ በአንዴ የሰፋው መሰለ። እጆቹ ተንጠለጠሉ። ጣቶቹን አንቀሳቀሰና ገረመው። አባ ኪሩቤል ያችን ድንጋይ አንስተው ማጅራቱ ላይ አኖሩለት፤ ወዲያው ጎበጠ።

የኤልዳና ስልክ ጠራ። ከጣቢያው ነው። «የአቶ ናኦድ ትከሻ ጠፍቶብናል» አለ ተረኛው።

«እኔ ጋ ነው» አለችና ዘጋችው።

የናኦድ ግንባር ላይ ላብ ወጣ። ከዚያ ክርኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ አንገቱ። ሐጂ ረያን እንደ ልማዳቸው ልመናውን ሊቀጥሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ኤልዳና አቋረጠቻቸው።

«ይቅርታ ሐጂ፣ እሱ ይናገር።»

«እማዬ አልጋ ላይ ነበረች» አለ ናኦድ። አሁን ድምፁ ከሆዱ ነው የሚወጣው። «ጀርባዋ መቁሰል ጀምሯል። አንቺ የለሽም። አጥንቷን የሚያስቀምጥ ሰው ወረፋው ዓመት ተኩል ነው አሉኝ። የሚያስረክብ ግን በሳምንቱ ይገባል አሉኝ። ዓመት ተኩል አትቆይም ነበር፣ ኤልዳና።»

«እሱን አውቀዋለሁ። በቦታህ ብሆን እኔም አደርገው ነበር ይሆናል። ያስቀየመኝ እሱ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ተናገረው።»

ድንጋዩ ወደ አንድ በኩል ተንሸራተተ፤ ናኦድ በጣቶቹ ጫፍ መልሶ ያዘው። ለመናገር ትንፋሽ መሰብሰብ ነበረበት።

«ዘጠኝ ዓመት ዋሸኋት። መጋዘን አለልሽ እያልኩ። አንድ ቀን ውሰደኝና ልየው አለችኝ፣ ዝናብ ነው አልኳት። ሌላ ጊዜ ስትለኝ ዛሬ ዝግ ነው አልኳት። እየደጋገመች ጠየቀችኝ፤ በኋላ ተወችው። ትወቅ አትወቅ እንጃ። የሞተች ቀን…»

«የሞተች ቀን ምን?»

«የሞተች ቀን ከሁሉ በፊት የመጣልኝ ከእንግዲህ አትጠይቀኝም የሚል ነው። እፎይ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት።»

አባ ኪሩቤል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ናኦድ ከወገቡ በላይ እንዳለ ይንቀጠቀጣል፤ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ ግን «ይብቃኝ» አላለም፣ ቀናም አላለም።

ኤልዳና የወንድሟን ቃል ስትሰማ ልትመታው ፈለገች፣ ልታቅፈውም ፈለገች። ሁለት ዓመት በጭንቅላቷ ስታመላልሰው የነበረው ሁሉ ይህን ያህል አስቀያሚ አልነበረም፤ እውነት የሆነውም ይኸኛው ነው። እጇን አንስታ ከአንገቱ ሥር፣ ያችው መጋጠሚያ ላይ አሳረፈች። የገጠመችው አጥንት ንቅንቅ አላለም። ከላዩ ያለው ቀጭን ሥጋ ግን መዳፏ ሥር እንደ ወፍ ልብ ይመታል።

«አውርድ» አለች።

ሐጂ ረያን ድንጋዩን ተቀበሉት። ናኦድ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ እጆቹ ጭኑ ላይ ተዘረጉ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። «በሉ እንግዲህ ተነሱና ተሳሳሙ።»

«ገና ነው ሐጂ።»

ሐጂ ረያን አባ ኪሩቤልን አዩ፤ አባ ኪሩቤል ሰማዩን አዩ።

ኤልዳና ዳሌዋን በእጇ ደግፋ ከወንድሟ ፊት ለፊት፣ መሬቱ ላይ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ስማኝ። እኔ አልቀይርም። ስልሳ ሞላሽ ብለው ቢጠሩኝም አልሄድም፤ ሥራውንም ካስለቀቁኝ ያስለቅቁኝ። በምርኩዝ እሄዳለሁ፤ መሄድ ሲያቅተኝ እተኛለሁ። ከእማዬ የወሰድኩት አንድ የቀረ ነገር ቢኖር ይኼ አጥንት ነው፤ እሷ ናት የሠራችው። ከነእጄ፣ ከነእግሬ ነው የምቀበረው።»

«እሺ» አለ ናኦድ።

«ከባድ ነው የምሆነው።»

«እሺ።»

«ፊት ሆነህ የምትሸከመኝ አንተ ነህ። ረዳቱን አጥፍተህ። ከቤት እስከ ጉድጓዱ። ያን ቀን ይቅር ብዬሃለሁ ማለት ነው።»

ናኦድ ላቡን በእጅጌው ለመጥረግ ሞከረ፤ ክንዱ ግማሽ መንገድ ደርሶ ወደቀ። «በአራት ዓመት እበልጥሻለሁ እኮ» አለ። «ቀድሜሽ ብሄድስ?»

«አትሄድም። ሥራ አለብህ።»

ሐጂ ረያን መጀመሪያ ሳቁ፤ አባ ኪሩቤል ሳይፈልጉ ተከተሏቸው። ናኦድም ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና አለቀሰ። ኤልዳና ጭንቅላቱን ወደ ትከሻዋ ሳበችው፤ እስኪበቃው ድረስ እዚያው ተወችው።

ከዚያ ተነስታ ቁልፏን አወጣች። ከጣቢያው ስልኩ እንደገና እየጮኸ ነው። ወደ አንገቱ ስታስጠጋው ግን ናኦድ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ተዪው» አለ። «ከአሁኑ ልለማመድ።»

በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ከዚያ አንድ እግሩን ተክሎ፣ ያችን ድንጋይ ከሐጂ ረያን እግር ሥር አነሳትና ደረቱ ላይ አቀፋት። ሲነሳ አቃሰተ። ከበሩ ወጥቶ ቁልቁለቱን በየአጥሩ ጥግ እያረፈ ወደ ፒያሳ ወረደ።